የሳምንት ማኅደር፦ የራስን ማስታወሻና ከኢንተርኔት የተለቀመ ንባብን አንድ ላይ ለመያዝ

በጣና ገዳማት የብራና መጽሐፍ ማደሪያው የቆዳ ማኅደር ነው። ማኅደሩ ሁለት ሥራ አለው። መጽሐፉን ከእርጥበትና ከአቧራ ይጠብቃል፤ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀልም ሲፈለግ እጅ ይደርስበታል። የሳምንት ማስታወሻና ከየድረ ገጹ የተለቀመ ንባብም የሚፈልገው እነዚሁን ሁለት ነገሮች ነው፤ እንዳይጠፋና ሲፈለግ እንዲገኝ።

ብዙ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ይይዛል። ደብተሩ ላይ «ዛሬ ደክሞኝ ዋለ» የሚል መስመር ይደረደራል፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ «በኋላ አነበዋለሁ» የተባሉ ሦስት መቶ ሊንኮች ይከማቻሉ። ደብተሩ ከራስ ስሜት አይወጣም፣ ሊንኮቹም አይከፈቱም። ስለዚህ ንባቡ በሳምንቱ ውስጥ ካዩት ነገር ይነሣ። ሰኞ ያዩት ነገር ጥያቄ ይወልዳል፤ ረቡዕ ጥያቄውን ይዘው ይፈልጋሉ፤ እሑድ የተገኘው በአንድ ገጽ ይሰበሰባል። ከዚህ ውጭ የሆነ ደስ የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ቦታ አለው፤ ግን በሳምንት አንድ ብቻ።

ደብተሩ

ባለ 100 ገጽ ተራ ደብተር ይበቃል። በቀኝ ገጽ የራስዎን ይጻፉ፤ የግራው ገጽ ለንባቡ ባዶ ይቆይ። በቀን ግማሽ ገጽ ሲጻፍ ሳምንቱ አራት የቀኝ ገጾች ይወስዳል፤ ከግራዎቹ ጋር ስምንት ገጽ ይሆናል። አንድ ደብተር ሦስት ወር ገደማ ያቆያል ማለት ነው፤ ከወቅት ጋር አብሮ ይቀየራል። በክረምት የጣና ሐይቅ ዳር እርጥበት ወረቀቱን ስለሚያሳብጠው፣ እርጥብ ወረቀት ላይ እስክርቢቶም በደንብ ስለማይጽፍ፣ ጀልባ ላይ የሚጽፍ ሰው እርሳስ ይያዝ፤ ደብተሩን በፌስታል ይጠቅልል። በስልክ መጻፍም ይቻላል። ነገር ግን መብራት በሄደበት ምሽት ቀድሞ የሚያልቀው የስልኩ ቻርጅ ነው።

ለቀን አምስት መስመር ይበቃል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው፤ ያዩት አንድ ነገር፤ የሰሙት አንድ ንግግር እንደተነገረ፤ የሠሩት ሥራ፤ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ። ከአምስቱ ዋጋ ያላቸው ሁለተኛውና አምስተኛው ናቸው፤ ከቀኑና ከሰዓቱ በቀር ሌላው ቢዘለልም ችግር የለም።

ያዩት ነገር የሚቆጠር ወይም የሚለካ ይሁን። «ሐይቁ ዛሬ ያምር ነበር» የሚለውን ከስድስት ወር በኋላ ሲያነቡት ምንም አይነግርዎትም። «ከጠዋቱ 1፡20፣ ወደቡ አጠገብ፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ማገዶ የጫኑ አራት የደንገል ታንኳዎች ገቡ» የሚለው ግን ከሌላ ቀን ጋር ይወዳደራል። ሲወዳደር ሰዓቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጣና ጠዋት ረግቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ሰኞን በማለዳ፣ ማክሰኞን በ10 ሰዓት የመዘገበ ሰው ቀንን ከቀን ያወዳደረ ይመስለዋል እንጂ ያወዳደረው ጠዋትን ከማታ ነው። የገበያ ዋጋ ከመዘገቡ ደግሞ መለኪያውን አይርሱ። በኪሎ ነው፣ በጣሳ ወይስ በቁና? ዓሣውስ በክብደት ነው ወይስ በፍሬ? መለኪያ የሌለው ዋጋ ቁጥር ብቻ ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ ይለመዳል። «ጣና ወዴት እየሄደ ነው?» የሚለው በአንድ ሳምንት አይመለስም። «የሐይቁ ውሃ ከፍ የሚለው በየትኛው ወር ነው?» የሚለው ግን በአንድ ምሽት ይመለሳል፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ መስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወርዳል። ረቡዕ ላይ የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አንዱን ይምረጡ። ሁለት መምረጥ ያጓጓል፤ ሁለት የመረጠ ሰው ግን ሁለቱንም በግማሽ ያደርሳል።

ፍለጋው፦ ፊደል የሚሸሽገው ነገር

በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ «ምንም አልተጻፈም» ብሎ ያቆማል። ተጽፏል፤ በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው። «ዓሣ» የሚለውን ቃል ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሳ ወይም ሣ። ስምንት አጻጻፍ ሆነ። የከተማዋ ስምም እንዲሁ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። ሐይቁን የወረረውን አረም አንዱ «እምቦጭ» ሲለው ሌላው «እንቦጭ» ይለዋል። ፏፏቴው ጢስ ዓባይ፣ ጭስ አባይ፣ ጢስ እሳት ይባላል። ስለዚህ ከመፈለግዎ በፊት በግራው ገጽ አናት ላይ የቃሉን አጻጻፎች ይደርድሩ፤ ቢያንስ ሦስቱን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይህ ችግር በራስዎ ማኅደር ውስጥ የባሰ ነው። የስልክ ማስታወሻም ሆነ ፋይል ፈላጊው እንደተጻፈው ብቻ ነው የሚያገኘው፤ «ፀሐይ» ብለው ያስቀመጡትን «ጸሀይ» ብለው ቢጠሩት አይመጣም። አንድ አጻጻፍ ይምረጡና የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ይያዙ፤ ከዚያ ወዲያ አይቀይሩ። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ፤ እዚህ የሚያስፈልገው አለመለዋወጥ ነው።

የሳይንስ ስምም እንዲሁ ይቀየራል። እምቦጭ ለረጅም ጊዜ «ኢኮርኒያ ክራሲፔስ» ሲባል ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ወደ «ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ» ተዛውሯል። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የቀድሞዎቹን ጥናቶች ያጣል። የጣና ነጭ ዓሣዎችም በቀደሙት ጽሑፎች «ባርበስ»፣ በኋለኞቹ «ላቤዮባርበስ» ናቸው። የዓሣ አስጋሪው ቃል ደግሞ ሌላ በር ነው፤ ቆሮሶ የሚባለውን በእንግሊዝኛ የሚፈልጉት «ቲላፒያ» ብለው፣ አምባዛን ደግሞ «ካትፊሽ» ብለው ነው።

የት ይፈለጋል? ከፌስቡክና ከቴሌግራም ቻናል በፊት ሦስት አራት ቦታ ይሞክሩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በፒዲኤፍ የሚያስቀምጥ ማከማቻ አለው፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ እርሻውና ስለ ሥነ ቃሉ የተጻፈ ብዙ ነገር ይገኝበታል። ጽሑፉ 90 ገጽ ቢሆን አይፍሩ፤ መጀመሪያ አጠቃሎውን፣ ቀጥሎ የጥናቱ አካባቢ የተገለጸበትን ምዕራፍ ያንብቡ። ለሳምንት ማስታወሻ የሚጠቅመው አብዛኛው ነገር እዚያ ነው። ለብራና ጽሑፍ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ውጤት በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ምዝገባ ይታያል። ሐይቁን ከላይ ለማየት የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ምስል በነጻ ይገኛል፤ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር ያህል መሬት ይይዛል፤ አንድ ቦታም በየ5 ቀኑ ገደማ ይነሣል። ስለዚህ በበጋ ለየሳምንቱ አንድ ምስል አያጡም። በክረምት ግን ደመናው ሙሉውን ሐይቅ ሊሸፍነው ይችላል፤ ነጭ ምስል ካገኙ ስልክዎ አልተበላሸም።

ቀኑን ማስታረቅ

ድረ ገጽ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ፣ ደብተርዎ ላይ ያለው የእኛ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። በጭንቅላት «8 ልቀንስ» የሚል ሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓመት ያስቀድመዋል። የጣና ሐይቅ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የሆነው በጁን 2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ሰኔ 2007 ይሆናል። ሁለቱንም ይጻፉ፤ «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» የሚሉት ፊደላት ከቁጥሩ አይለዩ።

ሰዓትም ያሳስታል። በዓለም አቀፉ ሰዓት 21፡00 የተለጠፈ ጽሑፍ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተሻግሯል። «የተለጠፈው ዓርብ ነው ወይስ ቅዳሜ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

የፋይል ስም ሲሰጡ ወሩን በቁጥር ያድርጉ፦ «ዓም-2017-08-19» ማለት እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የወር ስም ከተጠቀሙ ስልኩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፣ መጋቢትም ከጥቅምት በፊት ይገባል። ፊት ላይ «ዓም» ካልተጨመረ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ቀኑን ኦገስት 2017 ብሎ የሚያነብ አይጠፋም።

ማስቀመጥ

ሊንክ ብቻውን ማስታወሻ አይደለም። ገጹ ይነሣል፣ ቻናሉ ይዘጋል፣ አድራሻው ይቀየራል። ለአንድ ንባብ አራት ነገር ይያዙ፦ ርእሱና ጸሐፊው፤ የወጣበትና እርስዎ ያነበቡበት ቀን፤ አድራሻው፤ ከዚያም በራስዎ ቃል ሦስት መስመር። የመጀመሪያው መስመር ጽሑፉ ምን እንደሚል፣ ሁለተኛው ያንን በምን እንዳወቀ፣ ሦስተኛው ከሰኞ ጥያቄዎ ጋር ምን እንደሚያገናኘው። ሁለተኛውን መስመር መሙላት ካልቻሉ ጽሑፉ ምንጭ የለውም ማለት ነው፤ እዚያው ላይ «ምንጭ አልሰጠም» ብለው ይጻፉ። ቃል በቃል የገለበጡትን በ«» ውስጥ ያድርጉ፤ ከእንግሊዝኛ የመለሱት ከሆነ «ትርጉሙ የእኔ» ይበሉ። ይህን ያላደረገ ሰው ከዓመት በኋላ የሰውን ዓረፍተ ነገር የራሱ አድርጎ ያነበዋል።

የአማርኛ ርእስ ያለው ገጽ አድራሻ፣ ለምሳሌ የአማርኛ ዊኪፔዲያ፣ ሲገለበጥ በመቶኛ ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ «ጣና» የሚለው ሁለት ፊደል 18 ምልክት ይወጣዋል። በመሐል መስመር ሲሰበር አንድ ምልክት ከወደቀ ሊንኩ አይከፈትም። እንዲህ ያለውን በደብተር ለመገልበጥ አይድከሙ፤ «አማርኛ ዊኪፔዲያ፣ ጣና» ማለት ይበቃል።

ገጹን ራሱን ለማቆየት፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ በክሮም ሦስቱን ነጥቦች ነክተው የማውረጃውን ቀስት ይጫኑ፤ ያለ ኔትወርክም ይከፈታል። እንዳይጠፋ የሚሰጉለትን ገጽ ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያስመዝግቡ። ተቋሙ የተመሠረተው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድሮ ገጾች ማሳያው ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። አድራሻውን እዚያ ለጥፈው «አስቀምጥ» ሲሉ የዕለቱን ቅጂ ይወስዳል፤ የሞተ ሊንክም ካለዎት እዚያው ይፈልጉት። የፌስቡክ ጽሑፍ ግን በዚህ መንገድ ብዙም አይያዝም። ለእሱ ስክሪንሾት ያንሡ፤ ስሙና ቀኑ ከላይ እንዲታዩ አድርገው። የተቆረጠ ስክሪንሾት ማን መቼ እንዳለው ስለማይናገር ከወሬ አይሻልም።

ቴሌግራም ላይ ለራስዎ በሚልኩበት ሳጥን የሚያስቀምጡ ከሆነ እያንዳንዱን በሃሽታግ ምልክት ያድርጉበት፦ #ጣና፣ #ባሕር_ዳር። ክፍት ቦታ ካለ ምልክቱ እዚያው ስለሚቋረጥ መሐሉን በታች ሰረዝ (_) ያያይዙ። ከአሥር የማይበልጥ ምልክት ይበቃል፤ ሠላሳ ከሆነ የትኛውን እንደሰጡት አያስታውሱም።

ከድሮ ፒዲኤፍ አማርኛ ገልብጠው ሲለጥፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቁ ከወጣ ፋይሉ አልተበላሸም። ከዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ከሚወከሉበት የጋራ ደረጃ፣ በፊት በነበሩ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ፣ ተጽፎ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በአሮጌው መጻፍ ቀጥሏል። እንዲህ ያለው ፋይል ውስጥ ቃል ቢፈልጉ አይገኝም፤ የሚጠቅምዎትን አንቀጽ እያዩ በእጅ መጻፍ ይሻላል።

የእሑዱ ገጽ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናው ከተነሣ ወዲያ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ። ሃያ ደቂቃ ሰባቱን ቀን ማንበብ፣ አርባው መጻፍ፣ ቀሪው ማስቀመጥ ነው። ገጹ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናሳይ።

«ዓም-2017-08-19። ጥያቄ፦ ጢስ ዓባይ በሚያዝያ ለምን ይቀጥናል? ያየሁት፦ ሐሙስ ሚያዝያ 16፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ውሃው በአንድ ጎን ብቻ ይወርዳል፤ የቀረው ገደል ደረቅ ነው። የሰማሁት፦ ‹በመስከረም ብትመጡ ኖሮ ጢሱ ያረጥባችሁ ነበር።› ያነበብሁት፦ አንደኛ፣ ከፏፏቴው በላይ ውሃ የሚወስዱ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምረዋል። ሁለተኛ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ግድብ በ1996 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ሦስተኛ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ በዋሻ ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። የደረስሁበት፦ በጋው ብቻ አይደለም፤ የሚለቀቀውን ውሃ ሰውም ይወስነዋል። ያልተፈታ፦ የፏፏቴውን ከፍታ አንዱ 37፣ ሌላው 45 ሜትር ይለዋል።»

የመጨረሻውን መስመር ልብ ይበሉ። ምንጮች ሲለያዩ አማካይ አይውሰዱ፤ አንዱንም በስሜት አይምረጡ። ሁለቱን ቁጥሮች ከነምንጫቸው ያስቀምጡና የሚለያዩበትን ምክንያት ይፈልጉ። የጣና ስፋት ከ3,000 እስከ 3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ የሚጠቀሰው የውሃው ከፍታ በየወቅቱ ስለሚለያይ ነው፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። «የመጀመሪያው» የሚል ቃል ሲያዩ ደግሞ ጥርጣሬዎ ይጨምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ የምንጩን ቦታ በማየት ከአውሮፓውያን ቀዳሚው እኔ ነኝ ብሏል፤ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. እዚያው ቆሞ ነበር። የአካባቢው ሰው ምንጩ ዘንድ ጸበል ይጠመቅ እንደነበር ለመጨመር ምንጭ መጥቀስ እንኳ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ያም ሆኖ ይጥቀሱ።

ገጹ ከ400 ቃል አይበልጥ። ያነበቡት ከአምስት ጽሑፍ ከበለጠ ሦስተኛው መስመር፣ ከጥያቄው ጋር የሚያገናኘው፣ ባዶ የቀረበትን ያውጡ። ጥያቄው በሳምንቱ ካልተመለሰ «ያልተፈታ» ላይ ጽፈው ለሚቀጥለው ያሳልፉ። ሦስት ሳምንት ያለ መልስ ከተንከባለለ ጥያቄው ሰፊ ነው፤ ይቁረጡት ወይም ይተዉት።

ገጹን ለወዳጅ በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ ከመላክዎ በፊት ሦስተኛውን የቀን መስመር፣ የሰሙትን ንግግር፣ እንደገና ይመልከቱ። የጎረቤት ስም፣ የታመመ ሰው ጉዳይ፣ የቤተሰብ ጠብ እዚያ ውስጥ ይገባል። ስሙን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው እትዬ» ካሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ለራስዎ የሚቀረውና የሚላከው ሁለት ፋይል ይሁን።

ጽሑፍ ብቻውን ቀላል ነው፤ 2,000 የአማርኛ ቃል 30 ኪሎባይት ያህል ነው። ዳታውን የሚበላው ፎቶ ነው፤ አንዱ ብዙ ሜጋባይት ይይዛል። በሳምንት ሁለት ፎቶ ይበቃል፤ አሳንሰው ያስገቡ። ቅጂው በስልክና በፍላሽ ላይ ይኑር። ቴሌግራምን እንደ ሁለተኛ ቅጂ አይቁጠሩት፤ ሲም ካርዱ ቢጠፋና አካውንቱ ባይከፈት አብሮ ይሄዳል።

በየሦስት ወሩ የአሥራ ሦስቱን እሑድ ገጽ አትሞ መጠረዝ ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚወስዱት ፒዲኤፍ ይሁን። የዎርድ ፋይል ከሆነ የተጻፈበት ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ በሌላ ይተካና መስመሩ ሁሉ ይዛነፋል፤ አልፎ አልፎም ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። በግራ በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ይተዉ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ መርፌው ጽሑፉ ላይ ይገባል።